ሥራ የበዛበት ልብ

«ልብሽ አልታመመም፤ ሥራ በዝቶበት ነው።»

ይህን ያለኝ የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ነው፤ እሱም ከጣሊያኑ ሐኪም አፍ ተቀብሎ። ከሰማሁት ጥቂት ቀን አለፈው፤ እኔ ግን በየማለዳው ስነቃ እንደ አዲስ እሰማዋለሁ። አልታመመም! ሰው እንዴት ይህን የመሰለ ነገር ሰምቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል? እኔ አልቻልኩም። መቃዬን ቀርጬ፣ ቀለሜን በጥብጬ፣ የመኮሮኒ መጠቅለያ የነበረ ወረቀት ዘርግቼ ይኸው እጽፋለሁ።

ስም አልጽፍም። በዚህ ዘመን የሰውን ስም ወረቀት ላይ ማስፈር ሰውየውን አስሮ እንደማስረከብ ነው። ስም ባይኖርበትም ነገሩ ይገባችኋል። ደስታዬ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ የተቆለፈብኝን ቤት ላሳያችሁ።

አገሬ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ አባቴ ቤቱ አያድርም። የት እንደሚያድር አላውቅም፤ ባውቅም አልጽፈውም። ወታደር መጥቶ መንደራችንን ከፈተሸ በኋላ እናቴ «ሴት ልጅ እዚህ አላስቀምጥም» አለችና ወደ ከተማ፣ ወደ አባቴ እህት ሰደደችኝ። እሷ ከብቶቹን ጥላ መምጣት አልሆነላትም። «ለክረምቱ ብቻ ነው» ነበር የተባልኩት። ክረምቱ አለፈ፤ እኔ ግን አልተመለስኩም። ከተማዋ በእሾህና በድንጋይ ታጠረች፣ በር ተበጀላት፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ፣ ይለፍ ወረቀት የሌለው አይወጣም ተባለ።

ይኼ አንደኛው አጥር ነው። ሁለተኛውን ያጠሩብኝ አክስቴ ናቸው።

ያን ዓመት አደግሁ። አደግሁ ስል በዋዛ አይደለም፤ እንደ ሸምበቆ ተመዘዝሁ። ለመስቀል የተሰፋልኝ ቀሚስ ጥምቀት ሳይደርስ ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ ወደ ጉልበቴ ይጓዝ ጀመር።

«ቀሚሱ ነው ያጠረው ወይስ አንቺ ነሽ የረዘምሽው?» ይሉኛል አክስቴ።

«ጨርቅ በቁም ሲያጥር አይቼ አላውቅም» ይላሉ ባላቸው። እሳቸውን የኔታ ነው የምላቸው። በግቢው ጥግ ለሰፈሩ ልጆች ፊደል ያስቆጥሩ ነበር፤ ዘመኑ ሲከፋ ተማሪዎቻቸው ተበተኑ።

አንድ ቀን እንስራ አዝዬ ከወንዝ ዳገቱን ስወጣ ነሰረኝ። ነጠላዬ በደም ተበላሸ። ቤት ደርሼ እንስራውን ሳወርድ ትንፋሼ ገና አልተመለሰም፤ ልቤ አንገቴ ላይ ወጥቶ ድም ድም ይላል። አክስቴ ግን ነጠላዬን አላዩም፤ አንገቴን ነው የሚያዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። እሳቸው አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ትንፋሽ እያጠራት፣ እግሯ እያበጠ፣ አንገቷ ላይ ሥሯ እየዘለለ ነው የሞተችባቸው፤ እኔን ታክል ነበር አሉ። ስለዚህ ያን ቀን አንገቴ ላይ ያዩት የእኔን ሥር አልነበረም።

«ቁጭ በይ» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነሺ የሚለኝ ጠፋ።

ውሃ መቅዳት ቀረ። መውቀጥ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ «ዳገት አለው» ተብሎ ቀረ። ጓዳ ውስጥ ቁርበት የተነጠፈበት መደብ አለ፤ እሱ ላይ መቀመጥና እሱ ላይ መተኛት ነው ሥራዬ። መስኮቱ ከመዳፍ አይሰፋም። በእሱ በኩል የካሚዮን ድምፅ ይመጣል፣ የወታደር ጥሩምባ ይመጣል፣ የሰፈር ልጃገረዶች ወደ ወንዝ ሲወርዱ ሳቃቸው ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን «ነይ!» እያሉ በስሜ ይጠሩኝ ነበር። አክስቴ ብቅ ብለው «እሷ ታማለች» ይሏቸዋል። እየቆዩ መጥራቱን ተዉት። ያን ጊዜ ነው መታመሜን ያመንኩት፤ ሰው ካልጠራሽ ታመሻል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የማለዳው ነገር ነው። አክስቴ ጎህ ሲቀድ፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ፣ መጥተው መዳፋቸውን ደረቴ ላይ ያሳርፋሉ። ልቤ በርዶ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ከበረደ እነሳለሁ፣ ካልበረደ እዚያው እውላለሁ፤ ውላችን ይኸው ነበር። እኔ ደግሞ ገና ኮቴያቸውን ከመጋረጃው ወዲያ ስሰማ ልቤ ሩጫ ይጀምራል። «በረድ በል፣ እባክህ ዛሬን እንኳ በረድ በል» እለዋለሁ በሆዴ። በለመንኩት ቁጥር ይብስበታል። መዳፋቸው ሲያርፍብኝማ ደረቴን ሰብሮ የሚወጣ ይመስለኛል።

«ዛሬም አልበረደ» ይላሉ፤ ጋቢውን አልብሰውኝ ይወጣሉ። በሩ ይዘጋል።

እንዲህ ስንል አንዲት ጎረቤት ለጥየቃ መጡና አንገቴን አይተው ፈረዱ። «ደም በዝቶባት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ልጅ ሲያድግ ደሙ ቤት ይጠበዋል። አሳግሟት።»

አጋሚው መጣ። ጀርባዬን በምላጭ ብጥ ብጥ አድርጎ ቀንዱን ደፋብኝና መጠጠ። ዋግምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ እንኳን አላወቃችሁት። ሲጨርስ ዓይኔ ጨለመ፣ ከንፈሬ ደረቀ፣ ልቤም ይበርዳል ሲባል ጭራሽ እንደ ጥንቸል ይዘል ጀመር።

«ይኸው!» አሉ ጎረቤቲቱ። «አሁንም ይመታል። ደሙ ገና አልወጣላትም ማለት ነው።»

ስለዚህ ደግሜ ታገምኩ። ስለታገምኩ ልቤ ሮጠ። ልቤ ስለሮጠ አሁንም አጋሚው ተጠራ። ከዚህ አዙሪት መውጫው በየት እንደሆነ የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያደርጉት ወደውኝ ነው። ቢጠሉኝ እንኳ አኮርፍ ነበር።

የኔታ አንድ ማለዳ መቃ ቀርጸው፣ ከጥላሸት የበጠበጡትን ቀለም በቀንድ ይዘው መጡና «እጅሽ ሥራ ካጣ ይኸን ያዢ» አሉኝ። ፊደል ገና የመጣሁ ሰሞን፣ ተማሪዎቻቸው በጣታቸው እየጠቆሙ ሲያነቡ ከኋላቸው ሆኜ እያየሁ ለምጄዋለሁ፤ መጻፍ ግን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የእሳቸውን እየገለበጥኩ ጻፍኩ። እጄ ሲጠና አንድ ቀን ከራሴ የሆነ ነገር ጻፍኩ። ረጅም አይደለም። «በሩ ተዘግቷል። እኔ ከሞትኩት ልጅ ጋር ውስጥ ነኝ» ይላል። የሞተችው ለማለት ነበር፤ «ከሞተችው» ብዬ ሳስተካክለው ቀለሙ ፈሰሰብኝ።

የኔታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡት። «ፊደሉ አምሯል» አሉ። ወጥተው ደግሞ አክስቴን ሲያነጋግሩ ሰማሁ።

«ይችን ልጅ ሐኪም ይያት።»

«የቱ ሐኪም? ጣሊያኑ? በስመ አብ! ክንድ እያነቀ ደም ይመጥጣል ሲሉ አልሰሙም?»

«አጋሚውስ ሲያደርግ የከረመው ምንድን ነው?»

«እሱ እንኳ የእኛ ሰው ነው!»

«የእኛ ሰው የመጠጠው ደም ይመለሳል እንዴ?»

 አክስቴ ሲረቱ ማኩረፍ ልማዳቸው ነው፤ አኩርፈው ሰነበቱ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው «ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝ። ከመደቡ ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ታምሜ አልነበረም፤ መቆም ረስቼ ነው።

ሐኪም ቤቱ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር አለ። ወታደሩን ሳይ ያባቴ ነገር ትዝ አለኝ፤ ፊቴ ላይ የተጻፈ መሰለኝ። ጣሊያኑ ሐኪም ሽበታም ነው፤ ጎን ለጎን አስተርጓሚው ቆሟል። ሐኪሙ በጨርቅ የተሸፈነ የላስቲክ ከረጢት ክንዴ ላይ ጠመጠመና በእጁ የያዛትን የጎማ እንቁላል እየጨመቀ ነፋው። ክንዴን አነቀኝ። አክስቴ ከኋላዬ «በስመ አብ ወወልድ» ይላሉ። ከከረጢቱ ጋር በተያያዘ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ባዜቃው፣ እንደ ቀለጠ ብር ያለው ነገር፣ ወደ ላይ ወጣ፤ ወጣ፤ ልቤም አብሮት ወጣ። ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ።

«ከፍ ያለ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ደምሽ ሥሩን የሚገፋበት ኃይል። የደም ግፊት ነው የሚባለው።»

«አላልኩም?» አሉ አክስቴ፤ እንደ ረታ ሰው ጀምረው እንደ ለቅሶኛ ጨረሱት።

ሐኪሙ ግን አልተወኝም። እግሬን ጫን ጫን አድርጎ አየ፣ ደረቴንና ጀርባዬን አዳመጠ፣ የታገምኩበትን ሲያይ በእጁ የቀንድ ቅርጽ እየሠራ አስተርጓሚውን ጠየቀ፤ ሲነገረው ራሱን ያዘ። «ዳግመኛ እንዳትታገም። በሳምንቱ ትምጣ» ተባለ።

ያ ሳምንት ከሁሉ የከፋው ነው። ለአክስቴ የሐኪሙ ቃል ፍርድ ነበር። ጓዳው በር ላይ ሌላ መጋረጃ ተጨመረ። ወደ ሮብ ገበያ የሚሄዱ ነጋዴዎች ሲገኙ ደግሞ ለእናቴ እንዲህ ሲሉ ላኩባት፤ እኔው እየሰማሁ። «ልጅሽ ከእንግዲህ ዳገት አትወጣም። ብትወጣ ልቧ ይፈነዳል። እኔው ዘንድ ትኖራለች፤ ማየት ስትፈልጊ አንቺው ውረጂ።»

ከአክስቴ ቤት እስከ እናቴ ቤት ያለው መንገድ ሁሉ ዳገት ነው። ዳገት አትወጣም ማለት እናቷን አታገኝም ማለት ነው፣ የአገሯን ነፋስ አትተነፍስም ማለት ነው። ከተማውን ያጠረው ጣሊያን አንድ ቀን ይወጣል እያልኩ እጽናና ነበር፤ ከገዛ ደረቴ ግን ማን ያስወጣኛል? ያን ሳምንት መቃዬን አልነካሁም።

በሳምንቱ ስንመለስ አስተርጓሚው ወደ ውስጥ አላስገባንም። «ውጭ ትቀመጥ፣ ፀሐይ ትሙቅ ብሏል» አለና ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ። ወታደሩ ከዚያ አይታይም። አጠገቤ ዓይናቸውን የታመሙ አሮጊት ተቀምጠዋል።

«ምንሽን ነው ልጄ?»

«ልቤን ነው፣ እማማ።»

«ውይ! በዚህ ዕድሜሽ ማን ወሰደብሽ?»

ሳቄ አመለጠኝ። አሮጊቷም ሰው መሳቁን ሲያዩ ባሰባቸው፤ በልጅነታቸው ልባቸውን ስለወሰደው ስለ ደምበጫው ፈረሰኛ ያወሩኝ ጀመር። ፈረሱ ከሰውየው ይልቅ መልከ መልካም ነበር አሉ። «ፈረሱን ወድጄ ሰውየውን አገባሁ፤ ፈረሱ ሞተ፣ እሱ ቀረ!» ሐኪሙ መቼ ወጥቶ ከጎኔ እንደ ተቀመጠ፣ ክንዴንስ መቼ እንደ ጠመጠመ ልብ አላልኩም። ባዜቃው ወጣ፤ ባለፈው ከደረሰበት እጅግ ዝቅ ብሎ ቆመ።

ቀጥሎ የሐኪም ቤቱን ደረጃ ሮጬ እንድወጣና እንድወርድ አዘዘኝ። አክስቴ «ትሞትብኛለች!» ብለው ሊይዙኝ ሲሉ አስተርጓሚው ያዛቸው። ሮጥኩ! ስንት ጊዜ ነው እግሬ ሳይሮጥ የኖረው! ተመልሼ ስለካ ባዜቃው ወደ ላይ ተወረወረ። ተቀመጥኩ፤ አሮጊቷ የፈረሱን ነገር ቀጠሉ፤ ሲለካ ወርዷል።

ሐኪሙ ያስረዳል፣ አስተርጓሚው ቃል ይፈልጋል። ከመረብ ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ አማርኛው ጎተት ይላል። «ልብ ሲመታ ደም ይረጫል። የሚያድግ ልጅ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ አጥንቱም፣ ሥጋውም ይጠይቃል። ልብም ብዙ ይረጫል፣ ቶሎ ቶሎ ይረጫል። ስትፈሪ ደግሞ ይጨምራል። ታዲያ ብዙ ሲረጭ... ሥሩ ውስጥ... እንዴት ልበልሽ...»

አላስችል አለኝ። «እንደ ቦይ ነው?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ ግን አንዴ ጀምሬያለሁ። «በእኛ አገር ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ውሃ በቦይ ጠልፈን ድንች እናጠጣለን። ቦዩ ሞልቶ ዳሩን ሲገፋ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ ምንጩ አይሏል፣ ወይ ቦዩ ደለል ይዞት ጠቧል።»

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረው ሐኪሙ ጭኑን መትቶ «ብራቫ!» አለ። ጣሊያንኛ ባላውቅም ያቺ ቃል ገባችኝ።

«የአንቺ ምንጩ ነው ያየለው» አለ አስተርጓሚው፣ ቃሉን ስላገኘ ደስ ብሎት። «ቦይሽ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው። የአሮጊት ቦይ ነው የሚጠበው።»

«የቷ አሮጊት?» አሉ ባለፈረሷ።

ያን ጊዜ ነው ያቺን ቃል የነገረኝ። «ልብሽ አልታመመም፤ ሥራ በዝቶበት ነው።»

ሐኪሙ ግን ጣቱን አነሳ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። ውሃው እንዲህ እየገፋ ዓመት ከዓመት ከቆየ የቦዩ ዳር እየደደረ፣ ቦዩ እየጠበበ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ምንጩ ቢቀንስ እንኳ ግፊቱ አይቀንስም ብሏል። ብዙው ልጅ እያደገ ሲሄድ ይረጋጋለታል፤ አንዳንዱ ግን አይረጋጋለትም፤ ስለዚህ እድገቴን እስክጨርስ እየተመላለስኩ እንድለካ አዞኛል። መራመድ ይበጀኛል፤ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አይበጀኝም። ዋግምቱም ደም ሲያጎድል ልቤ የጎደለውን ለመሙላት ይሮጥ ነበር እንጂ አይበርድም ነበር።

 አሁን አክስቴ ወደ አስተርጓሚው ጠጋ ብለው ቀስ አሉና «የእኔዋም ልጅ እንዲሁ ምንጩ አይሎባት ኖሯል?» አሉት።

ሐኪሙ ጠየቀ። እግሯ አብጦ ነበር? አዎ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ነበር? አዎ። ከዚያ በፊት መገጣጠሚያዋን ያማት ነበር? አክስቴ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ያ ሌላ ሕመም ነው» አለ አስተርጓሚው። «ልቧ ውስጥ ያሉት በሮች ተበላሽተው ነው። ይቺ ያን የላትም። ያችኛዋን ደግሞ... እርስዎ ያጎደሉት ነገር የለም፣ እናቴ።»

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ከፊት ከፊቴ ነበር የሚሄዱት።  ቤት ስንደርስ ወደ ጓዳ ገብተው ሁለቱንም መጋረጃ አወረዱ፤ አጣጥፈው ሲያስቀምጡም ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «ነጋዴዎቹ መቼ ይሄዳሉ? የኔታን ይለፉን ይጠይቁልሽ በያቸው» አሉኝ።

ይለፉ ተገኘ። በመውጫው ቀን ከነጋዴዎቹ ጋር በሩ ዘንድ ስንደርስ፣ ዘበኛው ባንዳ ወረቀቴን ገልብጦ አየና ሳቀ። «ልቧ ታሟል የተባለችው አንቺ ነሽ? ሸፍቶ እንዳይሆን ብቻ!»

«ሸፍቶ» ሲል ስለ አባቴ የሰማ መሰለኝ። አክስቴ ግን እስከ በሩ ሊሸኙኝ መጥተው ኖሮ ወደ ፊት ተራመዱ። «ልቧ ሥራ በዝቶበት ነው። እንዳንተ በር ተደግፎ የሚውል ሥራ ፈት መሰለህ?»

ነጋዴዎቹ ፈሩ፤ ባንዳው ግን ከት ብሎ ስቆ መንገዱን ለቀቀልን። አክስቴ አንገቴን ሳሙኝ፤ እዚያው የሚመታበት ላይ። «ሲደክምሽ ቁጭ በይ» አሉኝ። ሊመለሱ ዞር ካሉ በኋላ ደግሞ «ሲበርድልሽ ተነሺ» አሉ።

ዳገቱ ላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «ይፈነዳ ይሆን?» እያልኩ ጠበቅሁት። ማንም ደረቴን የሚነካ የለም፣ ነፋሱ ብቻ ነው። እየቀለለ፣ እየዘገየ፣ እየራቀ ሄዶ ጭራሽ የመንገደኞቹ የበቅሎ ኮቴ በለጠው። ተነሳሁ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ተቀመጥኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እናቴ ደጅ ደረስኩ። እናቴ የተላከባትን ቃል ሰምታ ልትወርድ ስንቅ ስትቋጥር ነው ያገኘኋት። ከየት መጣሽ እንኳ አላለችኝም፤ ቁመቴን ሽቅብ አይታ «እህ! የማን ልጅ ናት ይቺ ረጅም?» ነው ያለችኝ።

አሁን ደግሞ አደራዬን ላድርስ። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ አስተርጓሚው «እንዳንቺ ጓዳ የተቀመጠች ልጅ የምታውቂ ከሆነ ጥሪልኝ፤ ዋጋ አይጠየቅም» ብሎኛል። እኔ አንዷን አላውቅም፤ እናንተ ግን ታውቁ ይሆናል። በአንድ ዓመት የተመዘዘች፣ አንገቷ ላይ ሥሯ ሲመታ አይታችሁ የደነገጣችሁባት ልጅ ካለች፣ በር ሳትዘጉባት፣ አጋሚም ሳትጠሩባት አምጧት። ምናልባት እውነትም ታማ ይሆናል፤ ያም ቢሆን በመለካትና በማዳመጥ ነው የሚታወቀው፣ ጓዳ ውስጥ አይታወቅም። እኔም ገብሱ ከገባ በኋላ ልለካ እወርዳለሁ። ከሮብ ገበያ በላይ ያላችሁ በእናቴ ደጅ እለፉ፤ እርጎ ጠጥተን፣ በየድንጋዩ እያረፍን፣ አብረን እንውረድ።